የቀረው ሰሌዳ፦ ቤትና ወገንነት በህትመት ሥነ ጥበብ

ስለ ህትመት ሥነ ጥበብ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወደሰው መባዛቱ ነው። ከአንድ ሰሌዳ ብዙ ቅጂ ይወጣል፤ ሥዕሉም ከባለጠጋ ሳሎን ወጥቶ ወደ ብዙ ሰው ግድግዳ ይደርሳል። ኢትዮጵያውያን ስለ ቤት የሠሩትን ህትመት በዚህ መለኪያ ብቻ ማየት ግን ዋናውን ነገር ያስመልጣል። ሠዓሊዎቻችን ከቅጂው ይልቅ ለሰሌዳው አድልተዋል እላለሁ። ቤትም በሥራቸው ውስጥ የሚገኘው በምስሉ ርዕሰ ጉዳይ ሳይሆን በተፈለፈለው፣ በተፋቀውና በተደራረበው ገጽ ላይ ነው።

አለ ፈለገ ሰላም ኅሩይ ባቋቋሙት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የእንጨት ቅርጽ ህትመትን ያስተማሩት ጀርመናዊው ካርል ሃይንዝ ሃንሰን ነበሩ፤ ዘመኑም ከ1963 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. ነው። ሃምቡርግ የተወለዱት እኚህ ሰው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ብራዚል ተሻግረው፣ የኖሩበትን የባሂያን ስም ከራሳቸው ስም ጋር አጣምረው ሃንሰን-ባሂያ ተባሉ። ከኢትዮጵያም ሲወጡ የተመለሱት ወደዚያው ነው። ባሂያ ባለችበት በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል በየገበያው የሚሸጡ የግጥም ደብተሮች ሽፋናቸው ብዙ ጊዜ በእንጨት ቅርጽ ይታተማል፤ ጥበቡ የድሃ ጥበብ ነው። እንዲህ ያለውን ትምህርት ወደ እኛ ያመጣው አገሩን መርጦ የያዘ ሰው መሆኑ ለዚህ ጽሑፍ ተራ የሕይወት ታሪክ መረጃ አይደለም።

ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ናቸው። ዘሪሁን ኋላ ላይ የታወቁት ጠባብ የቀርከሃ ዘንጎችን ጎን ለጎን ደርድረው በሚሥሉት ሥራቸው ነው። ሥራው በጥብቅ አነጋገር ህትመት አይደለም። የእንጨት ቀራጭ እጅ ግን ይታይበታል፦ ምስሉ በለስላሳ ሸራ ላይ አልተዘረጋም፣ ከሚቋቋመውና መስመሩን ከሚቆራርጠው ነገር ጋር እየታገለ ነው የወጣው። በ1983 እ.ኤ.አ. የተወለደው ኤፍሬም ሰሎሞን ደግሞ የእንጨት ቅርጽን ከጋዜጣ ወረቀት ጋር ያዋህዳል። ወንበርና ነጠላ ጫማ ደጋግሞ ይሠራል፤ በአንዱ የሥልጣን መቀመጫን፣ በሌላው ተራውን ሰው እናያለን። በእኔ ግምት ነጠላ ጫማው ከወንበሩ ይበልጣል፤ በደጃፍ የወለቀ ጫማ ባለቤቱ ሳይታይ ቤት ውስጥ ሰው እንዳለ ይናገራልና።

ስለ ሠዓሊዋ ጁሊ ምህረቱ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ አያረካኝም። በ1970 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወልዳ በ1977 ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ መሄዷ ይጠቀስና ሥራዋ ሁሉ «ስደት» ተብሎ ይዘጋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣችውን «ኤፒግራፍ፣ ደማስቆ» የተባለ ባለ ስድስት ሉህ ህትመት ያየ ሰው በዚህ መርካት የለበትም። የደማስቆ ሕንፃዎች ንድፍ ፎቶግራፍን ወደ መዳብ ሰሌዳ በሚያሸጋግር ስልት ደብዝዞ ከሥር ይተኛል፤ በላዩ በአሲድ የተበላ ጥቁር ምልክት እንደ ጭስ ይዘምታል። ስለ ቤት መፍረስ እንዲህ በጥልቀት የተናገረችበት ሥራ የሌላ ሰው አገር ከተማን የሚመለከት ነው። ወገንነት እዚህ ላይ ከትውልድ ቦታ ተላቆ የሌላውን ፍርስራሽ በራስ እጅ እስከ መሸከም ይደርሳል።

ክርክሩን ከታወቁት ሠዓሊዎች አውጥተን ወደ አንዲት የደጋ ከተማ፣ ወደ አርሲዋ ሮቤ፣ ስናመጣው ምን ይሆናል? ህትመት ከባድ የብረት ማተሚያ ይጠይቃል የሚለው እምነት ለመዳብ ሰሌዳ ይሠራል፤ ለእንጨት ግን አይሠራም። እንጨቱን በመሮ ፈልፍሎ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ወረቀት አልብሶ በማንኪያ ጀርባ ማሸት ይበቃል። ካርቶንም ሰሌዳ ይሆናል፤ የስንዴ ገለባና የጆንያ ቁራጭ በሙጫ ተለጥፎበት ሲደርቅ ቀለም ይይዛል። የደጋው ነገር ራሱ ያትማል ማለት ነው።

ከስልቶቹ ሁሉ ለዚህ አገር የሚስማማው ሰሌዳን እየጨረሱ ማተም ይመስለኛል። ፒካሶ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በሊኖሊየም አዘውትሮ ሠርቶበታል። ሠዓሊው በአንድ ሰሌዳ ላይ ጥቂት ይፈለፍላል፣ በአንድ ቀለም ያትማል፤ ያንኑ ሰሌዳ እንደገና ፈልፍሎ ሌላ ቀለም በላዩ ይደርባል። እያንዳንዱ ደረጃ የቀድሞውን ያጠፋል፤ ሥራው ሲያልቅ ሰሌዳው አልቋል፣ ተጨማሪ ቅጂ አይገኝም። ለምን እንደሚስማማ ለማየት ከሮቤ በስተምዕራብ በቀድሞው ጭላሎ አውራጃ በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን እርዳታ የተጀመረውን የግብርና ልማት ፕሮጀክት፣ ካዱን፣ እናስብ። የተሻሻለው የስንዴ ዘርና ማዳበሪያው ምርቱን አሳደጉት፤ መሬቱ አትራፊ ሲሆን ግን ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞችን አፈናቀሉ። እርሻው በሰፋ ቁጥር ጎጆው ጠፋ። ይህን ታሪክ በሥዕል መተረክ ይቻላል፤ እየጨረሱ በማተም ግን ሥራው ራሱ ያንን ሂደት ያልፍበታል። ወርቃማው የስንዴ ቀለም የሚታተመው ቤቱ ከሰሌዳው ላይ ከተፋቀ በኋላ ነው፤ ቤቱም በወረቀቱ ላይ ከቀለሙ ሥር ተጭኖ ይቀራል። ለዓይን የሚያምር ማሳ የተከፈለበትን ዋጋ አብሮ ይዞ ይወጣል።

ለደጋው ቅርብ የሆነ ሌላም ገጽ አለ፤ የአርሲ ኦሮሞ የመቃብር ድንጋዮች። ፈረሰኛና ጦር የተቀረጸባቸው አሉ። ወረቀት አልብሶ በከሰል በማሸት ቅርጹን ማንሳት ቀላል ነው፤ ለጀማሪም የሚማርክ ነው። እዚህ ላይ ግን ቴክኒኩ ከመልካም ጠባይ ጋር መሄድ አለበት። ድንጋዩ የአንድ ሰው አባት ወይም አያት ነው። የቤተሰቡን ፈቃድ ሳይጠይቅ የተነሳ ቅርጽ ስለ ወገንነት ሊናገር አይችልም፤ ድንጋዩንም የሚጎዳ ከሆነ ቢተው ይሻላል። ከተፈቀደ ደግሞ የመጀመሪያው ቅጂ ወደ ኤግዚቢሽን ሳይሆን ወደዚያ ቤተሰብ ቤት መግባት ይኖርበታል። ለሰሌዳው ቅድሚያ የሰጠሁት እኔም እዚህ ላይ ለቅጂው ሙሉ ክብር እሰጣለሁ።