የራዲዮ ሳይንስ ዓለም አቀፍ ኅብረት አመራርና የጎጃም ሰማይ

1. የጉዳዩ አመጣጥ

ከደብረ ማርቆስ ከተማ በላይ፣ ከመሬት ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ብሎ፣ በቀን ብርሃን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ታላቅ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። ጅረቱ መግነጢሳዊውን የምድር ወገብ ተከትሎ የሚሄድ ጠባብ መቀነት ሲሆን፣ ስፋቱ ከዚህ ወገብ በሰሜንም በደቡብም በኩል ሦስት ዲግሪ ያህል ነው። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ፣ ከአዲስ አበባ አንሥቶ ዓባይን ተሻግሮ እስከ ባሕር ዳር የሚደርሰው አገር፣ በመካከሉም የጎጃም ደጋ፣ ከዚህ መቀነት ሥር ይውላል።

በከተማይቱ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ አዮኖስፌር የሚያስተምር መምህር እንግዲህ ስለ ሩቅ አገር ሳይሆን ስለ ራሱ ጣራ ይናገራል ማለት ነው። ነገር ግን ትምህርቱ የንብርብሮቹን ስም ከማስጠናት ያላለፈ እንደ ሆነ ተማሪው ይህን ሊያውቅ አይችልም። ይህን ሰማይ ማን ይለካዋል? የልኬቱስ ደንብ በማን ይወጣል? ጥያቄው የፊዚክስ ብቻ አይደለም፤ የአስተዳደርም ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት የራዲዮ ሞገድንና የርቀት ዳሰሳን ምርምር በዓለም ደረጃ የሚያስተባብረው ዓለም አቀፍ የራዲዮ ሳይንስ ኅብረት እንዴት እንደሚመራ መመርመር ያስፈልጋል።

2. የኅብረቱ አቋም

ኅብረቱ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1919 በብራስልስ ከተማ ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ፈረንሳዊው ጄኔራል ጉስታቭ ፌሪዬ ነበሩ፤ የመጀመሪያው ጠቅላላ ጉባኤም በዚያው በብራስልስ በ1922 ተደረገ። አባላቱ ግለሰቦች ሳይሆኑ በየአገሩ የሚቋቋሙ ብሔራዊ ኮሚቴዎች ናቸው። የበላይ ሥልጣን ያለው የእነዚህ ኮሚቴዎች ተወካዮች የሚገኙበት ምክር ቤት ሲሆን፣ በጉባኤዎች መካከል ሥራውን የሚያካሂዱት ፕሬዚዳንቱ፣ ምክትል ፕሬዚዳንቶቹና ዋና ጸሐፊው ናቸው። ጠቅላላ ጉባኤው እንደ ልማዱ በየሦስት ዓመቱ ይሰበሰባል።

ሳይንሳዊው ሥራ ለአሥር ኮሚሲዮኖች ተከፋፍሏል። ልኬት፣ የመስክና የሞገድ ንድፈ ሐሳብ፣ የራዲዮ መገናኛ፣ ኤሌክትሮኒክስ፣ የራዲዮ ሁከት፣ የሞገድ ስርጭትና የርቀት ዳሰሳ፣ አዮኖስፌር፣ የፕላዝማ ሞገዶች፣ የራዲዮ አስትሮኖሚ፣ እንዲሁም ሞገድ በሥነ ሕይወትና በሕክምና ያለው ድርሻ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ኮሚሲዮን አላቸው። ከኮሚሲዮኖቹ አብዛኞቹ ዛሬ በሚታወቁበት መልክ የተደራጁት በ1975 በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ በተደረገው ጉባኤ ነው። የገንዘቡ ምንጭ በዋነኛነት አገሮች በየደረጃቸው የሚከፍሉት መዋጮ ነው። የሥራ ቋንቋዎቹ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ናቸው።

3. ሊመሰገን የሚገባው

ይህ ኅብረት የጦር ኃይልም ሆነ የማስገደጃ ሕግ የለውም። ሥልጣኑ ሁሉ የሚመነጨው የሚለኩ ሰዎች በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲለኩ ከመስማማታቸው ነው። ከ1928 ጀምሮ ስለ ፀሐይና ስለ ምድር መግነጢስ የሚነገሩ አጫጭር ሳይንሳዊ መልእክቶች ከኤፍል ግንብ በራዲዮ ይተላለፉ ነበር። በ1961 ደግሞ የአዮኖስፌር ምዝገባዎች እንዴት እንደሚነበቡ የሚያስረዳ መመሪያ በፒጎትና በራዌር አዘጋጅነት ታተመ። መመሪያው ሰሜን ዋልታ አጠገብ ያለ ንባብና ምድር ወገብ ላይ ያለ ንባብ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንዲነጻጸሩ አስቻለ። ለውጭ ተመልካች ይህ ተራ የጽሕፈት ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ያለ እርሱ ሺህ መሣሪያ ቢተከል የሚገኘው ሺህ የተለያየ ወሬ ነው።

የጎጃም አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ቤቶች ቅኔው የራሱ የተማሪው ነው፤ ማንም አላወረሰውም። ሆኖም ቤቱ ልክ አለው፣ ዜማውም ሥርዓት አለው፤ የተቀኘውም በመምህሩ ፊት ተነግሮ ይታረማል። ነጻነቱና ሥርዓቱ አይጣሉም። በጉባኤ ተቀምጦ ሲሰማ ብቻ የኖረ ተማሪ ግን ባለቅኔ አይባልም። የሳይንስ ጉባኤም ከዚህ አይለይም።

ኅብረቱ ለጋራ ጥቅም ጥብቅና መቆሙም መጠቀስ ይኖርበታል። በ1960 ከዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረትና ከኅዋ ምርምር ኮሚቴ ጋር በመሆን ለሳይንስ የሚያስፈልጉ የሞገድ መደቦችን የሚያስጠብቅ ኮሚቴ አቋቁሟል። የዚህ ጠቀሜታ በርቀት ዳሰሳ ላይ ይታያል። የአውሮፓ ኅዋ ድርጅት በኅዳር 2009 ያመጠቀው የአፈር እርጥበት መለኪያ ሳተላይት የሚያዳምጠው ከ1400 እስከ 1427 ሜጋኸርዝ ባለው መደብ ከመሬት የሚወጣውን ደካማ ሞገድ ነው። መደቡ ለዚህ ሥራ የተከለለ ቢሆንም፣ ሳተላይቱ ሥራ እንደ ጀመረ በብዙ አገሮች ያለ ፈቃድ የሚያሠራጩ ጣቢያዎች ልኬቱን ሲያበላሹ ተገኝተዋል። የተከለለ መደብ የሚጠበቀው በየአገሩ ተቆጣጣሪና ተከራካሪ ሲኖር ብቻ መሆኑን ይህ ያስረዳል።

4. የአመራሩ ጉድለት

ከዚህ በላይ የተነገረው ምስጋና እንዳለ ሆኖ፣ የኅብረቱ አቋም በአንድ ግምት ላይ የቆመ መሆኑ አይካድም። ይኸውም እያንዳንዱ አገር ለአሥሩም ኮሚሲዮኖች የሚበቃ ተመራማሪ፣ ቤተ ሙከራና የጉዞ ገንዘብ አለው የሚል ግምት ነው። በጅማሬው ዘመን ግምቱ አያስደንቅም፤ ሥራው በጥቂት አገሮችና በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ያረፈ ነበርና። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ አፕልተን ከ1934 እስከ 1952 ድረስ ለ18 ዓመታት ፕሬዚዳንት ሆነው መቆየታቸው ለዚህ ማስረጃ ነው። ዛሬ ፕሬዚዳንቱ ከአንድ ጉባኤ እስከ ሚቀጥለው ጉባኤ ብቻ የሚያገለግል በመሆኑ ይህ ጉድለት ታርሟል። መሠረቱ ግምት ግን አልተነካም።

ኅብረቱ ዕድሜያቸው ከ35 ዓመት ያልበለጠ ወጣት ተመራማሪዎችን፣ በተለይም በማደግ ላይ ካሉ አገሮች የሚመጡትን፣ ወደ ጉባኤው የሚያመጣበት የእርዳታ ፕሮግራም አለው። ፕሮግራሙ መልካም ነው። ይሁን እንጂ የሚረዳው ሰውየውን እንጂ የመጣበትን ቤት አይደለም። ወጣቱ ጥናቱን አንብቦ፣ ተጨብጭቦለት ሲመለስ መሣሪያው የተበላሸበት፣ መዝገቡ የተቋረጠበት ክፍል ቢጠብቀው ጉባኤው ለአገሩ ያተረፈለት የመታወቂያ ወረቀት ብቻ ይሆናል።

የዚህ ጉድለት ውጤት በሥራው ውስጥ ይታያል። ኅብረቱ ከኅዋ ምርምር ኮሚቴ ጋር የሚያዘጋጀው የአዮኖስፌር ዓለም አቀፍ ሞዴል በልኬት ላይ የተመሠረተ ነው። ሞዴሉ ለረጅም ዘመን ብዙ ጣቢያ ባለባቸው የሰሜን አገሮች ላይ ይበልጥ እንደሚታመንና የአፍሪካ መረጃ ጥቂት በመሆኑ በዚህ አህጉር ላይ ደካማ እንደ ሆነ በዘርፉ የታወቀ ነው። የጎደለው መረጃ በሌላ አገር ሰማይ አማካይ ሊሞላ አይችልም፤ የምድር ወገብ አዮኖስፌር የራሱ ጠባይ አለውና። አውሮፕላን፣ መርከብ፣ የመሬት ቀያሽ ሳይቀር ቦታውን የሚያውቀው በአዮኖስፌር ውስጥ አልፎ በሚመጣ የሳተላይት ሞገድ ነው። ስሕተቱ ስለዚህ በወረቀት ላይ አይቀርም።

5. የሁለት አገሮች ምሳሌ

ኢትዮጵያና ፔሩ በዚህ ረገድ ወንድማማች አገሮች ናቸው። ሁለቱም ደጋማ ናቸው፣ በሁለቱም ላይ መግነጢሳዊው የምድር ወገብ ያልፋል። በፔሩ የካርኔጊ ተቋም በ1922 በዋንካዮ የመግነጢስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቁሞ ነበር፤ በ1947 ለፔሩ መንግሥት አስረከበ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሊማ አጠገብ በሂካማርካ አሜሪካኖች 18,432 ዳይፖል አንቴናዎች ያሉት ታላቅ ራዳር ሠሩ፤ ይህም በ1969 ለፔሩ ጂኦፊዚካል ኢንስቲትዩት ተላለፈ። ከስድስት ዓመት በኋላ ኅብረቱ ራሱ ወደ ሊማ ሄዶ ተሰበሰበ። ፔሩ የመሣሪያ ማቆሚያ ሆና ጀምራ የጉባኤ አስተናጋጅ ለመሆን የበቃችው መዝገቡ ስላልተቋረጠና አንባቢዎቹን ከራሷ ልጆች ስላፈራች ነው።

በኢትዮጵያም ጅማሬው መልካም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። መሪው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዋን በየቀኑ ምዝገባውን ሲመረምሩ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ መፍሰስ የሚገባው ጅረት በአንዳንድ ቀን ተገልብጦ ወደ ምዕራብ እንደሚፈስ የሚያሳይ ምልክት አገኙ። ግኝቱ በ1962 ታተመ፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ ተቃራኒ ጅረት በሚል ስም ይታወቃል። ይህ በብዙ ሚሊዮን ብር መሣሪያ የተገኘ አልነበረም። የተገኘው በተገቢው ቦታ፣ ሳይቋረጥ በመመዝገብና ያልተለመደውን ነገር እንደ መሣሪያ ስሕተት ባለመጣል ነው።

ከዚያም ወዲህ ሥራው አልጠፋም። ኦብዘርቫቶሪው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወደ ኢንስቲትዩትነት አድጓል። በፊንላንድ በኡሉ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ዶክተር ባይሌ ዳምጤ በኋላ ፕሬዚዳንት በሆኑበት በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ስሙን ከቅኔው ቤት ከዋሸራ የወሰደ የኅዋና የራዳር ሳይንስ ምርምር ክፍል ተቋቁሟል። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተተከለ የሳተላይት ሞገድ መቀበያ ስለ አካባቢው አዮኖስፌር ለታተሙ ጥናቶች መረጃ ሰጥቷል። በኅዳር 2012 ደግሞ የአሜሪካ ጂኦፊዚካል ኅብረት ስለ ኅዋ የአየር ጠባይ የሚመክር ጉባኤ በአዲስ አበባ አድርጓል። የቀረው ጥያቄ ከእነዚህ ክፍሎች በታች ያለው መሠረት፣ ማለትም ትምህርት ቤቱ፣ ምን ያህል ተዘጋጅቷል የሚለው ነው።

6. ለመምህራንና ለፕላን አውጪዎች

ከላይ የቀረበው ሒስ ወደ አንድ መደምደሚያ ያደርሳል። በዓለም አቀፍ የሳይንስ ድርጅት ውስጥ የአንድ አገር ድምፅ የሚመዘነው በጉባኤው ቀን በሚያነሣው እጅ ሳይሆን በሁለት ጉባኤዎች መካከል በሚይዘው መዝገብ ነው። መዝገብ የሚይዝ ሰው ደግሞ በዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ላይ በድንገት አይገኝም። ልማዱ የሚጀምረው ቀደም ብሎ ነው።

በጎጃም ደጋ ያለ ትምህርት ቤት ያለ ውድ መሣሪያ ሊጀምር ይችላል። በቀን የማይሰማ የሩቅ አገር የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ ሌሊት ጥርት ብሎ እንደሚሰማ ማንኛውም የራዲዮ አድማጭ ያውቃል። ምክንያቱ ሞገዱን በቀን የሚውጠው የታችኛው የአዮኖስፌር ንብርብር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መጥፋቱ ነው። ተማሪዎች አንድ ጣቢያ መርጠው፣ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት ቅጽ የድምፁን ጥራት ቢመዘግቡ የአዮኖስፌርን መለዋወጥ በጆሮአቸው ያጠናሉ። የዝናብ መለኪያም እንዲሁ ነው። በክረምት የጮቄን ተራራና የጤፉን ማሳ ደመና ሲሸፍነው በብርሃን የሚያዩ ሳተላይቶች ይታወራሉ። በ2014 እንደ መጠቀው የአውሮፓ ራዳር ሳተላይት ያሉት ግን በሞገዳቸው ደመናውን አልፈው መሬቱን ይዳስሳሉ። ሆኖም ከላይ የተገኘው ምስል ምን ማለት እንደ ሆነ የሚታወቀው በመሬት ላይ ከተያዘ ልኬት ጋር ሲተያይ ነው።

እርግጥ ነው፣ የተማሪ መዝገብ በዓለም አቀፉ ሞዴል ውስጥ አይገባም፤ ይገባል ብሎ ተስፋ መስጠትም መምህሩን ማታለል ነው። ጥቅሙ ሌላ ነው። ሰዓት የማያዛባ፣ ያላየውን የማይሞላ፣ ያልተለመደውን የማይሰርዝ ሰው ያፈራል። ሦስት ዓመት እንዲህ የመዘገበ ተማሪ በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ክፍል ሲገባ የሚማረው እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

ከፕላን አውጪዎች የሚጠበቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ለመሣሪያ መግዣ በጀት በተያዘ ቁጥር ለጥገናውና ለመዝጋቢው ደመወዝም አብሮ እንዲያዝ ነው። ሁለተኛው፣ ወደ ጉባኤ የሚላክ ተመራማሪ ሲመለስ የሰማውን ለአካባቢው መምህራን በአማርኛ ጽፎ እንዲያስረክብ ግዴታ እንዲኖርበት ነው። ከኅብረቱ በኩል ደግሞ እርዳታው ከግለሰብ አልፎ መዝገቡን ሳያቋርጥ ለሚይዝ ጣቢያና ለሚያስተምር ክፍል እንዲደርስ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህን ጥያቄ በሙሉ አፍ ለማቅረብ የሚችለው ግን የራሱን መዝገብ ዘርግቶ የሚያሳይ አገር ብቻ ነው። ጅረቱ ነገም ከደብረ ማርቆስ በላይ ይፈሳል፤ የሚመዘግበው ከተገኘ ለጎጃም ልጅም ይናገራል።