ሰሙ ለተታላዩ፣ ወርቁ ለማን? አታላይ ገጸ ባሕርያት በአራት አጫጭር ልብ ወለዶች

አታላይ እኩይ ገጸ ባሕርይ፣ ማለትም ክፉ ዓላማውን በወዳጅነት፣ በሃይማኖት ወይም በየዋህነት ሸፍኖ የሚቀርብ ባለታሪክ፣ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በውሸቱ ርቀት ነው፤ ታሪኮቹ ጎን ለጎን ሲነበቡ ግን ይበልጥ የሚለያያቸው ደራሲው ምስጢሩን ለአንባቢ የሚገልጥበት ጊዜ ሆኖ ይገኛል። ለዚህ ንባብ የቅኔው ሰምና ወርቅ፣ ላይ ላዩን የሚሰማው ትርጉምና ከሥሩ የተሰወረው ቁም ነገር፣ ለአማርኛ አንባቢ የቀረበ መሣሪያ ነው።

በኤድጋር አለን ፖ «የአሞንቲላዶ በርሜል» (እ.ኤ.አ. 1846) ሞንትሬዞር ባላንጣውን ፎርቹናቶን ወይን ቅመስልኝ ብሎ አግባብቶ አፅም ወደ ሞላበት ምድር ቤት ሲያወርደው፣ ለጤናው የተጨነቀ መስሎ እንመለስ ይለዋል፣ ለረጅም ዕድሜውም ጽዋ ያነሣለታል፤ ፎርቹናቶ የፍሪሜሰን ማኅበር አባል መሆኑን እንዲያረጋግጥለት ምልክት ሲጠይቀው ደግሞ ከካባው ሥር የግንበኛ ካዞላ አውጥቶ ያሳየዋል። ሟቹ የሚሰማው ሰሙን ብቻ ነው። አንባቢው ግን የበቀሉ ውጥን ከመነሻው ስለተነገረው ወርቁን እየለቀመና በብልሃቱ እየተደሰተ ይከተላል፤ የመጨረሻው ድንጋይ ሲገጠም ይህ ደስታው ራሱ ያሳፍረዋል። በተክሌ ዝማሜ ስማቸው የሚነሣው አለቃ ገብረ ሐናም በሚነገሩላቸው ጨዋታዎች ሰሚያቸውን በሰሙ ያታልላሉ፤ ነገር ግን ወርቁ የሚወጣው በጉባኤ መካከል ስለሆነ፣ ተታላዩ ቢያፍር እንጂ ከሰው ተነጥሎ አይጠፋም።

ፍላነሪ ኦኮነር በ«ደጋግ የገጠር ሰዎች» (እ.ኤ.አ. 1955) የፖን መንገድ ትገለብጠዋለች። መጽሐፍ ቅዱስ ሻጩ ማንሊ ፖይንተር የገጠር የዋህ መስሎ ሲመጣ፣ በፍልስፍና ዶክተር የሆነችውና አንድ እግሯ ሰው ሠራሽ የሆነው ኸልጋ የምታታልለው እርሷ እንደሆነች ታምናለች፤ አንባቢውም የእርሷን ንቀት ተጋርቶ ስለሚሄድ፣ ከመጽሐፉ ቅርፊት ውስጥ ውስኪና የመጫወቻ ካርታ ሲወጣ፣ ከዚያም ሰውየው እግሯን ይዞባት ሲሰወር፣ አብሯት ይጋለጣል። ፖይንተር የተጠቀመው ከራሱ ውሸት ይልቅ የተማረ ሰው ላልተማረው ያለውን ግምት ነው፤ ማታለሉ ከሌሎቹ ሁሉ የሚጠልቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

የጆይስ ካሮል ኦትስ አርኖልድ ፍሬንድ (እ.ኤ.አ. 1966) ወጣት ለመምሰል ያደረገው ማስመሰያ በታዳጊዋ ኮኒ ፊት እየተገፈፈ ይሄዳል። ሰሙ ቢቀልጥም ወጥመዱ አይላላም፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ማስፈራራት ነው።

ጃክ ለንደን ደግሞ በ«የጠፋ ፊት» አታላዩን በተበዳይ ቦታ ያስቀምጠዋል። በአላስካ በምርኮ የተያዘው ሱቢየንኮቭ ሥቃይን ለማምለጥ ሰይፍ የማይበሳው ቆዳ የሚሰጥ መድኃኒት አለኝ ብሎ አለቃውን ማካሙክን ያሳምንና፣ ሙከራውን በገዛ አንገቱ ላይ አስደርጎ ፈጣን ሞት ያገኛል። ብልሃቱ እስከ መጨረሻው ከአንባቢም ስለሚሰወር የታሪኩ ልብ አንጠልጣይነት አይካድም፤ ዳሩ ግን ሱቢየንኮቭ የአገሬውን ሰው በግፍ ሲያስገብሩ ከነበሩት የእንስሳት ቆዳ አዳኞች አንዱ መሆኑ በብልሃቱ ጭብጨባ ይሸፈናል፣ የተበደለው ማካሙክም መሳለቂያ ሆኖ ይቀራል። ፖና ኦኮነር በአታላዩ የተደሰተውን ወይም ተታላይዋን ያመነውን አንባቢ ሲጠይቁት፣ ለንደን ምንም ሳይጠይቅ ያሰናብተዋል፤ ከአራቱም ታሪኮች በሂስ ሚዛን ቀሎ የሚገኘው የእርሱ ነው።