የጠብታ ስሌት አስተማርና ጉድለቱ

በነርስነት ትምህርት፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ በደቂቃ ስንት ጠብታ መውረድ እንዳለበት ማስላት ከባድ ሒሳብ ነው ሊባል አይችልም። የፈሳሹ መጠን በሚሊ ሊትር በቱቦው የጠብታ ልክ ይባዛል፤ የተገኘውም በደቂቃ በተቆጠረው ጊዜ ይካፈላል። 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት እንዲገባ ቢታዘዝና ቱቦው አንዱን ሚሊ ሊትር በ20 ጠብታ የሚያወርድ ቢሆን፣ ውጤቱ በደቂቃ 42 ጠብታ ያህል ነው።

በተለመደው መልመጃ ግን ተማሪው 41.67 ብሎ ካልጻፈ ነጥብ የሚቀነስበት ጊዜ አለ። የጠብታ ሁለት ሦስተኛ ቆጥሮ የሚያወርድ ነርስ እስካሁን አልታየም። ይህስ ቀላሉ ጉድለት ነው። የሚብሰው መልመጃው የጠብታውን ልክ አስቀድሞ ጽፎ ማቅረቡ ነው። በሕሙማን ክፍል ልኩ የሚገኘው በቱቦው ማሸጊያ ላይ ሲሆን፣ 10፣ 15፣ 20 ወይም 60 ሊሆን ይችላል። 20ን እንደ ቋሚ ቁጥር ያጠና ተማሪ በባለ 15 ቱቦ 42 ጠብታ ቢያወርድ፣ ለ8 ሰዓት የታሰበው ፈሳሽ 6 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ተማሪው ቀመሩን አልሳተም፤ ማሸጊያውን እንዲያነብ ያስተማረው ግን የለም።

ነገሩ በሕፃናት ላይ ይከፋል። በዓለም ጤና ድርጅት የተቅማጥ ሕክምና መመሪያ፣ የሰውነቱ ፈሳሽ ክፉኛ ለተሟጠጠበት ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን፣ በመጀመሪያው 1 ሰዓት በኪሎ 30፣ በቀጣዮቹ 5 ሰዓታት በኪሎ 70 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። ሕፃኑ 6 ኪሎ ቢመዝን መጀመሪያ 180፣ ቀጥሎ 420 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። በባለ 20 ቱቦ የፊተኛው በደቂቃ 60፣ የኋለኛው 28 ጠብታ ይሆናል። አንዱ ሰዓት ሲሞላ መቆጣጠሪያውን የሚያጠብብ ካልተገኘ፣ የ5 ሰዓቱ ፈሳሽ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይገባል። ፍጥነቱ መሐል ላይ የሚለወጥ ትእዛዝ ግን በመልመጃ ደብተር ብዙም አይገኝም።

ሰዓቱን ወደ ደቂቃ መለወጥ የዘነጋ ተማሪ ለመጀመሪያው ጥያቄ 2500 ጠብታ ብሎ ጽፎ ያልፋል፤ አይደነግጥምም። ይህ ልማድ ከአንደኛ ደረጃ ይዞት የመጣው ነው፤ በዚያ የመልሱ ዳኛ የመምህሩ ቀይ ብዕር እንጂ ነገሩ ራሱ አልነበረም። ባለ 60 ቱቦ ሲሆን የደቂቃው ጠብታ ከሰዓቱ ሚሊ ሊትር ጋር እኩል መሆኑም እንደ ዘዴ ይነገራል። ምክንያቱ፣ 60 ጠብታና 60 ደቂቃ እርስ በርስ መጣፋታቸው፣ ሰሌዳ ላይ ቢታይ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ፈተናው ከወረቀት ወጥቶ፣ ተማሪው ማሸጊያውን አንብቦ፣ ሰዓት ይዞ ጠብታውን እንዲያስተካክል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላም የወረደው ፈሳሽ እንዲለካ ቢደረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ውሃ የሞላ ጠርሙስ፣ ቱቦና ባልዲ ይበቃል።