ቁጥር ለሚያውቅ ብቻ የሚከፈት የሕግ ማውጫ

ሕጎችን በኮምፒዩተር አሰባስቦ ማስቀመጥና ሕጎችን ለተጠቃሚ ማድረስ እንደ አንድ ሥራ ሲቆጠሩ ይስተዋላል። ይህ ጸሐፊ የተመለከታቸው የአገራችን ሕጎች ማውጫዎች በአብዛኛው የተደራጁት በአዋጅ ቁጥርና ሕጉ በወጣበት ዓመት ነው። አደረጃጀቱ ለዳኛና ለጠበቃ ያመች ይሆናል፤ የሚፈልጉትን ቁጥር አስቀድመው ያውቁታልና። የጤና ባለሙያው ግን ቁጥር ይዞ አይመጣም፤ በፊቱ ያለው ታካሚ ነው።

የጽንስ ማቋረጥን ጉዳይ ለአብነት እንውሰድ። ተገዳ በመደፈሯ ማርገዟን የምትናገር ሴት በሌሊት ወደ ጤና ጣቢያ ብትመጣና ተረኛዋ አዋላጅ ነርስ ሕጉ ምን እንደሚል ለማረጋገጥ ብትሻ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ መልስ አለው። አንቀጽ 551 ጽንስ ማቋረጥ የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ አስገድዶ መድፈር ከነዚሁ አንዱ ነው። ነርሷን የሚያስጨንቃት ግን ሌላ ነው፦ የፖሊስ ማስረጃ ልጠይቅ ወይስ አልጠይቅ? መልሱ የሚገኘው በሚቀጥለው አንቀጽ፣ በ552 ንዑስ አንቀጽ 2 ሲሆን፣ ለዚህ ጉዳይ የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ ማስረጃ መሆኑን ይደነግጋል። ፈላጊውን 551 ላይ አድርሶ የሚተው ማውጫ አንዳች ሐሰት ሳይናገር ያሳስታል። ነርሷ ሴቲቱን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ብትመልሳት ሕጉ ያልጠየቀው ወረቀት ሲፈለግ ጊዜው ያልፋል፤ እርግዝናው በገፋ መጠን ደግሞ የሕክምናው አደጋ እንደሚጨምር ለአንባቢዎቻችን መንገር አያሻም።

ሁለተኛው እንቅፋት ፊደላችን ነው። "ጽንስ" ብሎ የሚጽፍ አለ፤ "ፅንስ" ብሎ የሚጽፍም እንዲሁ። "ሕክምና" እና "ህክምና" ለአንባቢ አንድ ቃል ቢሆኑም ለኮምፒዩተር ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ እንዲቆጥር ያልተሰናዳ የመፈለጊያ ሣጥን "ምንም አልተገኘም" ሲል፣ ባለሙያው ሕግ የለም ብሎ ቢረዳው አይፈረድበትም። የዓመቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ በአማርኛ 414/1996 የሚባለው አዋጅ በእንግሊዝኛ 414/2004 ይባላል። ከሁሉ የሚብሰው የነጋሪት ጋዜጣን ገጽ እንደ ፎቶግራፍ ስካን አድርጎ መጫን ነው፤ በዚህ ውስጥ አንድም ቃል ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።

ነጋሪት ጋዜጣም ቢሆን ሁሉን አይዝም። አንቀጽ 552 የአፈጻጸሙን ዝርዝር ለጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በመተዉ፣ ሚኒስቴሩ መመሪያውን በ1998 ዓ.ም. አውጥቶ በ2006 ዓ.ም. አሻሽሎታል። ለአካለ መጠን ላልደረሰች ታካሚ የዕድሜ ማስረጃ መጠየቅ እንደማያስፈልግ የሚነግረን ይኸው መመሪያ ነው። በጋዜጣው ብቻ የተገነባ ማውጫ ይህን አያሳይም። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያዎች እንዲመዘገቡና በድረ ገጽ እንዲወጡ ማዘዙ መልካም ጅምር ነው፤ ሆኖም መመሪያውን ካዘዘው አንቀጽ ጋር የሚያገናኝ ሰው ካልተገኘ ሁለቱ በየፊናቸው ይቀራሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ያደረገው የጽንስ ማቋረጥ ሕጎች የመረጃ ቋት በዚህ ረገድ የተሻለ ነው። የተደራጀው በጥያቄ ነው፦ በምን ምክንያት ይፈቀዳል? የማን ፈቃድ ያስፈልጋል? ምንጩም ከመልሱ ጋር ተያይዟል። ነገር ግን አገርን ከአገር ለማነጻጸር የታሰበ በመሆኑ፣ "ይፈቀዳል" የሚለው አጭር መልስ የተረኛዋን ጭንቀት አያቀልም።

በቀላል አማርኛ የተዘጋጀ ማብራሪያ ሕጉን ሊተካ እንደማይችል የሕግ ባለሙያዎች ያሳስባሉ፤ ስጋታቸው ተገቢ ነው። መፍትሔው ማብራሪያውን መተው ሳይሆን የአንቀጹን ሙሉ ቃል ከሥሩ ማስቀመጥ፣ መቼ እንደተመሳከረም ቀኑን መጻፍ ነው። አዘጋጆቹም ሥራቸውን ለሕግ ሊቃውንት ከማቅረባቸው በፊት ለአንዲት የጤና ጣቢያ ተረኛ ሰጥተው፣ ከ551 ወደ 552 በስንት እርምጃ እንደምትደርስ አጠገቧ ተቀምጠው ቢመለከቱ ይበጃል።