ጠያቂ ያጣ ልጅ

ፊልም ወዳጆች በተሰበሰቡበት ስሙ ሳይነሣ ከማያልፍ ሥራዎች አንዱ የፈረንሳዊው የፍራንሷ ትሩፎ «ሌ ካትር ሳን ኩ» ነው። ቃል በቃል «አራት መቶ ምቶች» ማለት ቢሆንም ፈረንሳዮች ይህን የሚሉት ለዱርዬነት፣ ላልተሠራ ጥፋት የለም ለሚባልለት ልጅ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1959 ወጣ፤ የ27 ዓመቱ ትሩፎም በዚያው ዓመት በካን ፌስቲቫል የምርጥ ዳይሬክተርነትን ሽልማት አገኘበት። ስለ መጨረሻው ትዕይንት ያልተባለ ነገር የለም። ታዳጊው አንትዋን ከማረሚያው አምልጦ ይሮጣል፤ ይሮጣል፤ ባሕር ዳርቻ ይደርሳል፤ ዞር ብሎ ሲያየን ምስሉ ቀጥ ይላል። «ነፃነት ማለት ይህ ነው!» ይላሉ ወዳጆቼ። እኔም ለዓመታት አብሬያቸው ስል ኖሬአለሁ።

አሁን ግን አልልም። ምክንያቴን ላስረዳ።

አንትዋን የፓሪስ ልጅ ነው። ከእንጀራ አባቱ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ይሰርቃል፤ መሸጥ ሲያቅተው ሊመልስ ሄዶ ይያዛል። ለፖሊስ የሚያስረክበውም እንጀራ አባቱ ነው። እናቲቱ ዳኛው ፊት ቀርባ፣ ልጁ የሚላክበት ቦታ ባሕር አጠገብ ቢሆን ደስ እንደሚላት ትናገራለች። ላዩን ሲታይ ለአየሩና ለጤናው ያሰበች ትመስላለች። እኔ ግን በዚህች ልመና ውስጥ የሚሰማኝ «ከፊቴ ገለል ይበልልኝ» የሚል ድምፅ ነው። እንግዲህ የምናደንቀውን ባሕር ለአንትዋን የመረጠችለት እናቱ ናት ማለት ነው።

ርቀት መድኃኒት ነው የሚለው እምነት ግን የእሷ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1840 በቱር ከተማ አጠገብ የተከፈተው የሜትሬ የወጣት ጥፋተኞች የእርሻ ሰፈር የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነበር፤ ከተማ ያበላሸውን ልጅ ገጠር ያቃናዋል ተብሎ። ኒውዮርክም የከተማዋን ልጆች ወደ ሰሜን፣ ወላጅ በቀላሉ ወደማይደርስባቸው የገጠር ተቋማት ስትልክ ኖራለች። አብዛኞቹ እዚያው በከተማቸው ወይም በአቅራቢያዋ፣ በትንንሽ ቤቶች እንዲያዙ የሚያደርገው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። መጀመሪያ አካባቢ ከነዚህ ቤቶች የጠፉ ልጆች ጥቂት አልነበሩም፤ ቅርበት በራሱ ተአምር አይሠራም።

የእኛ ቋንቋ እዚህ ላይ አንድ ሀብት አለው። እስረኛን ሄዶ ማየትን «መጠየቅ» እንላለን፤ የሚሄደውም «ጠያቂ» ነው። ፊልሙን በዚህ ቃል ስመዝነው ለአንትዋን ሦስት ጠያቂዎች አገኛለሁ። አንደኛዋ ድምጿ እንጂ ፊቷ የማይታየው የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። ስለ እናቱ፣ ስለ ስርቆቱ ትጠይቀዋለች፤ ጥያቄዋ ግን ለመዝገብ ነው። ሁለተኛው ጓደኛው ሬኔ ነው። በብስክሌት መጥቶ «አይገባም» ተብሎ ከበር ይመለሳል። ሦስተኛዋ እናቱ ናት፤ የመጣችው ከእንግዲህ እንደማይቀበሉት ልትነግረው ነው። ልጁ የሚጠፋው ከዚህ በኋላ ነው። አንባቢ ልብ ይበል፤ ከሦስቱ በእውነት ሊጠይቀው የመጣው አንዱ ብቻ ነበር፤ እሱንም መለሱት።

ይህን ያስተዋልሁት ፊልም ቤት ተቀምጬ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ጎረቤታችን፣ የመኪና ረዳት እሆናለሁ ብሎ ከቤት የወጣ የ14 ዓመት ልጃቸው ሩቅ አገር ተይዞ፣ አብሬያቸው እንድሄድ ለመኑኝ። ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተጓዝን። ድፎ ዳቦውን በነጠላ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ እንዳስቀመጡ ነበር። በሩ ላይ የጠበቀን መልስ «ዛሬ የጥየቃ ቀን አይደለም» የሚል ሆነ። እትዬ ክርክር አልወደዱም፤ አጥሩ ሥር ቁጭ አሉና «ድምፁን እንኳ ብሰማ» አሉኝ። ተመልሼ ፊልሙን እንደገና ሳይ ሬኔ ከበር የተመለሰበትን ቦታ ማለፍ አቃተኝ።

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ደንብ፣ የተያዘ ልጅ በመርሕ ደረጃ በሳምንት አንዴ፣ ቢያንስ ግን በወር አንዴ መጠየቅ አለበት። የእኛም የ1987 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ወጣት ጥፋተኞች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል። በአንቀጽ 21 ደግሞ የተያዘ ሰው በቅርብ ዘመዶቹና በጓደኞቹ የመጎብኘት መብት አለው ይላል። ጓደኛንም መጨመሩን ወድጄለታለሁ። ነገር ግን የተለየው ቤት ሩቅ ከሆነ፣ የመጠየቅ መብት የአውቶቡስ መሳፈሪያ ያለው ሰው መብት ሆኖ ይቀራል።

«የአንትዋን ቤተሰብ ራሱ ነው የገፋው፤ ቅርብ ቢሆን ምን ሊጠቅመው?» የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከትሩፎ ሕይወት አገኘዋለሁ። እሱም በልጅነቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ በእንጀራ አባቱ እጅ ለፖሊስ ተሰጥቶ ቪልዥዊፍ በሚገኘው የልጆች ማቆያ ገብቶ ነበር። ቪልዥዊፍ ፓሪስ ደጃፍ ላይ ናት። እንዲወጣ የረዳው የፊልም ሐያሲው አንድሬ ባዛን ነው። ወላጁ አልነበረም፤ ወዳጁ ነበር። ትሩፎ ፊልሙን ለባዛን መታሰቢያ ሲያደርግ ለራሱ ጠያቂ ምስጋና ማቅረቡ ነው። ለአንትዋን ግን ባዛን አልሰጠውም፤ ማረሚያውንም ከከተማው አርቆ ባሕር አጠገብ ወሰደበት።

በዚህ ላይ ፊልሙን እወቅሰዋለሁ። ባሕሩን እጅግ ውብ አድርጎ ስላሳየን ርቀቱን አስረስቶናል። ሆኖም ትሩፎ ራሱ የረሳው አይመስለኝም። አንትዋን ውኃው ጋ ደርሶ፣ እግሩን ነክሮ፣ ፊቱን ወደ የብስ ይመልሳል። ነፃ የወጣ ልጅ ባሕሩን ባየ ነበር። ይህ ግን ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ፣ የሚመጣ ሰው እንዳለ ያያል።