ማታ የሚጻፍ ፍቅር፦ ራሱን ችሎ የሚያሳትም የፍቅር ልብ ወለድ ጸሐፊ ልማድና የሥራው ቅርጽ፣ ከወላይታ ሶዶ አንጻር

የፍቅር ልብ ወለድ በሂስ መድረካችን ላይ ብዙ ጊዜ «የጊዜ ማሳለፊያ» ተብሎ ይታለፋል። እንዲህ ሲታለፍ ከመጽሐፉ ጋር አንድ ሌላ ነገርም ሳይታይ ይቀራል፤ ቀን ሌላ ሥራ ላይ ውሎ ማታ የሚጽፈው፣ የጻፈውንም በገዛ ገንዘቡ የሚያሳትመው ሰው ድካም። በዚህ ዳሰሳ የምሟገተው ይህን ነው፦ ጸሐፊው መቼ፣ በምን ላይ፣ በማን ወጪና በየትኛው ቋንቋ እንደሚጽፍ ልብ ወለዱ ውስጥ ቅርጽ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ልማዱን ሳያውቁ ሥራውን መመዘን ያስቸግራል። ወላይታ ሶዶን የመረጥኩት አራቱም ጥያቄዎች እዚያ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ስለሚገናኙ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጋዜጠኛው ብርሃኑ ዘሪሁን በ1952 ዓ.ም. «ሁለት የእንባ ደብዳቤዎች»ን ሲያወጣ ለፍቅር ታሪክ የመረጠው የደብዳቤን መልክ ነው። ደብዳቤ በአንድ መቀመጫ የሚያልቅ ጽሑፍ ነው፤ ጋዜጣ ላይ ለሚውል ብዕር ይስማማል። ብርሃኑ የሚታወቅበት አጭርና ፈጣን ዓረፍተ ነገርም ከጋዜጣው ዓምድ ጋር ዝምድና አለው ብዬ አምናለሁ። በአንጻሩ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ከ500 ገጽ በላይ ይዘልቃል። በዛብህና ሰብለ ወንጌል የሚቀራረቡት በትምህርት ነው፤ አስተማሪና ተማሪ ሆነው፣ ቀን በቀን፣ ቀስ በቀስ። ያን ዝግታ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አድማጩ ቀጣዩን ክፍል ቁጭ ብሎ መጠበቅ ተማረ። ዛሬ በስልክ የሚነበበው ተከታታይ የፍቅር ታሪክ ከዚያ ልማድ ጋር ይዛመዳል፤ ያለ አባት የተወለደ አድርገው የሚያዩት ተሳስተዋል።

ስለ ደራሲ ሕይወት ያለን ሥዕል ግን ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። በዓሉ ግርማ በ1972 ዓ.ም. ባሳተመው «ደራሲው» ውስጥ ሲራክ የሚባለውን ጸሐፊ ቀረጸ፤ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን መነሻ አድርጎ እንደቀረጸው በሰፊው ይነገራል። ሲራክ ከራሱና ከብዕሩ ጋር የሚታገል፣ ለመደበኛ ኑሮ የማይመች ሰው ነው። ይህ ሥዕል ልባችንን ስለገዛ «እውነተኛ ደራሲ» ስንል የሚታየን እሱ ሆኗል። በዓሉ ራሱ ግን በመጽሔትና በጋዜጣ አዘጋጅነት፣ ኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ኃላፊነት የሠራ የቢሮ ሰው ነበር። ነፃውን ደራሲ የሳለልን ሰው ከቢሮ ሰዓቱ ጊዜ እየቀነሰ የሚጽፍ ሰው ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ከክፍለ ጊዜ መልስ ፈተና አርማ፣ ልጅ አስተኝታ፣ ከዚያ ለመጻፍ የምትቀመጠውን የሶዶ መምህርት ከሲራክ አንጻር «ትርፍ ጊዜ ጸሐፊ» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ራስን ችሎ ማሳተም የሚለው ሐረግም የራሱ ታሪክ አለው። በደርግ ዘመን ልብ ወለድ በሳንሱር ያልፍ ነበር፤ በመንግሥት ይዞታ ሥር የነበረው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅትም ዋናው በር ነበር። የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ቅድመ ምርመራን ካስቀረ በኋላ በሩ ሰፋ፤ ወጪው ግን ወደ ጸሐፊው ትከሻ ዞረ። ጸሐፊው ለማተሚያ ቤት ቀብድ ይከፍላል፤ ፕሩፍ ያርማል፤ የሽፋን ሥዕል ያሠራል፤ በምረቃው ቀን ወዳጅ ዘመድ ይገዛለታል፤ ቀሪውን ለአከፋፋይ በቅናሽ ይሰጥና ገንዘቡን ሲሸጥ ይጠብቃል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱን ቢያውቅለትም፣ ተገዝቶ በኪራይ ከእጅ እጅ ለሚዞረው ቅጂ ደራሲው ድጋሚ ሳንቲም አያገኝም። ከሶዶ ሲሆን ደግሞ ማሳተሙም ማከፋፈሉም አዲስ አበባን ደጅ መጥናት ያስከትላል፤ የመንገድና የማደሪያ ወጪው በመጽሐፉ ዋጋ ላይ አይታይም።

ከሁሉ የሚከብደው የቋንቋው ነገር ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላይትኛ ከመጀመሪያዎቹ የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ትምህርት ቤቶች የላቲንን ፊደል ያዙ። በ1992 ዓ.ም. ወላይትኛን ከጋሞኛ፣ ከጎፍኛና ከዳውሮኛ ጋር ያዋሐደው «ወጋጎዳ» የተባለ የመማሪያ መጽሐፍ ሲመጣ የሶዶ ሕዝብ ለተቃውሞ ወጣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጽሐፎቹም ተነሱ፤ ወላይታ ለብቻው ዞን ሆነ። በቋንቋው ምክንያት ሰው በሞተበት ከተማ የሚጽፍ ሰው የቋንቋ ምርጫውን እንደ ቀላል ጉዳይ ሊያየው አይችልም። አያት በግዕዝ ፊደል የቆጠረችበትን ቋንቋ የልጅ ልጅ በላቲን ትጽፈዋለች፤ የፍቅር ልብ ወለድ የምታነበው ግን በአብዛኛው በአማርኛ ነው። ገበያውም እዚያው ነው።

ስለዚህ የሶዶው ጸሐፊ ጠቡንም እርቁንም በወላይትኛ እየሰማ በአማርኛ ይጽፋል። ይህ የሚፈተነው በንግግሩ ላይ ነው። ደካማው ሥራ ውስጥ የሶዶ ፍቅረኞች እንደ አዲስ አበባ የሬዲዮ ድራማ ይነጋገራሉ፤ ቦዲቲ ገበያ ውላ የመጣች እናትም ቦሌ እንዳደገች ሴት ትመልሳለች። በርትቶ የሚጽፈው ግን የአማርኛውን ሰዋስው ሳይጥስ የንግግሩን ቅደም ተከተል ይጠብቃል፦ መጀመሪያ የቤተሰብ ደኅንነት፣ ከዚያ የከብቱና የእንሰቱ ነገር፣ ጉዳዩ መጨረሻ ላይ። ፍቅሩ የሚገለጠው በዚያ መዘግየት ውስጥ ነው። ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሥር በሰደዱበት አካባቢ መጻፉም ይጨመርበታል፤ «ዓለማዊ» ከሚለው ወቀሳ ለመራቅ የሚደረገው ጥንቃቄ አንዳንዴ ስብከት ይሆናል፣ አንዳንዴ ግን ዓይነ ግቡ ቁጥብነት ይወልዳል። እኔ ሁለተኛውን አደንቃለሁ።

የደቡብን ፍቅር በአማርኛ የጻፈ ታዋቂ አርአያ ሲፈለግ ፍቅረማርቆስ ደስታ ይነሳል። «ከቡስካ በስተጀርባ» አንባቢውን ሐመር ድረስ ወሰደው። ገጸ ባሕርዋ ካርለት አጥኚ ናትና ማስታወሻ ደብተሯ ትረካውንም ይመራዋል፤ ልማድ ይብራራል፣ ሥርዓት ይተነተናል፣ ፍቅሩ ተራውን ይጠብቃል። ለእንግዳ አንባቢ ይህ ስጦታ ነው። ሶዶ ተወልዶ ለሶዶ ሰው የሚጽፍ ሰው ግን የወላይታን ዘመን መለወጫ ጊፋታን ለጎረቤቱ ማስረዳት አይጠበቅበትም። ማብራሪያውን ሲተው የሚያገኘው ቦታ ትልቅ ነው፤ እዚያ ላይ ሰዎቹን ማስቀመጥ ይችላል።

አሁን ብዙው ጽሑፍ በቴሌግራም በክፍል በክፍል ይወጣል። መብራት በሄደበት ምሽት፣ የስልኩ ባትሪ ሳያልቅ፣ በአውራ ጣት የተጻፈ ክፍል አጭር ነው፤ የሚጀምረው ያለፈውን በማስታወስ ነው፣ የሚያበቃውም በር ሲንኳኳ ወይም ስልክ ሲጠራ ነው። አንባቢዎች «ቀጣዩስ?» ይላሉ፤ ልጅቷ ከማን ጋር ትሁን በሚለው ላይም ይከራከራሉ፤ ጸሐፊውም ይሰማቸዋል። ይህ ሲታተም ጠባሳው ይቀራል። አንባቢው ገጹን ገና ሳይገልጥ ባለፈው ምዕራፍ ያነበበውን እንደገና ይነገረዋል፤ በስልክ ላይ አስፈላጊ የነበረው ማስታወሻ በመጽሐፍ ውስጥ ድግግሞሽ ይሆናል። አርታኢ ቢኖር ይቆርጠው ነበር፤ አርታኢ ግን ራስን ችሎ ከማሳተም ወጪዎች መጀመሪያ የሚሰረዘው ነው።

ከዚያ ወረቀቱ አለ። ማተሚያ ቤት ብዙ ጊዜ ወረቀቱን የሚቆጥረው በ16 ገጽ እጥፋት ነው፤ ጥቂት ገጽ ሲተርፍ ለሌላ እጥፋት መክፈል ወይም መቁረጥ ይመጣል። የሚቆረጠው ድግግሞሹ ቢሆን መልካም ነበር፤ ነገር ግን እሱ ገጽ ተቀናብሮለት በመጽሐፉ ሁሉ ተበትኗል። ስለዚህ መቀሱ የሚያርፈው መጨረሻው ላይ፣ ሽማግሌ በሚላክበት ምዕራፍ ላይ ነው። በወላይታ ጋብቻ የሁለት ቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ ታሪኩ ሁሉ ሲጠብቀው የቆየው ይህን ነበር፦ አባትየው ምን ይላል፣ እናትየው የት ትቀመጣለች፣ ማን ቀድሞ ይናገራል። በስልክ ላይ ሦስት ክፍል የወሰደው ሽምግልና በመጽሐፉ ውስጥ በአንድ አንቀጽ ያልቃል፤ ሽማግሌዎቹ ገብተው ሳይቀመጡ ሠርጉ ይደርሳል።