የኩፐርስታውን የክብር አዳራሽና ዘግይቶ የሚሰጥ ክብር

ኩፐርስታውን በአሜሪካ በኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ስሟ የታወቀው በውስጧ ባለው የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ነው። አዳራሹ የተከፈተው በ1939 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያዎቹ አምስት ተጫዋቾች የተመረጡት ግን ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በ1936 ነበር። በዚያ ምርጫ ድምፅ ከሰጡት 226 ሰዎች ታይ ኮብ የ222ቱን፣ ቤብ ሩት ደግሞ የ215ቱን ድምፅ አገኙ። ቤብ ሩትን የመሰለ ሰው አሥራ አንድ መራጮች ስሙን ሳይጽፉ መቅረታቸውን ስናይ፣ ክርክሩ ከአዳራሹ ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑን እንረዳለን።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አንዱ ቡድን ኳስ ይወረውራል፤ ከሌላው ቡድን አንድ ሰው በዱላ ይመታል፤ ከመታም በኋላ ቤዝ የሚባሉትን አራት ማዕዘኖች እየዞረ ይሮጣል። እያንዳንዱ ውርወራና እያንዳንዱ ምት በመዝገብ ይገባል። ስለዚህ በእግር ኳስ «እገሌ ይበልጣል» ብለን በስሜት የምንከራከረውን፣ የቤዝቦል ወዳጆች በቁጥር ይከራከሩበታል። ሆኖም ቁጥሩ ይህን ያህል ከበዛ ዘንድ ፍርዱ ቀላል መሆን ሲገባው፣ የሆነው ተቃራኒው ነው።

የምርጫው ሥርዓት ባጭሩ እንዲህ ነው። ቢያንስ አሥር ዓመት የተጫወተና ከጨዋታ ከወጣ አምስት ዓመት የሞላው ሰው በቤዝቦል ጋዜጠኞች ማኅበር አባሎች ፊት ይቀርባል። ከመቶ ሰባ አምስት ድምፅ ያገኘ ይገባል፤ ከመቶ አምስት ያላገኘ ወዲያው ይሰረዛል፤ በመካከል ያለው እስከ አሥር ዓመት ድረስ ይቀርባል። ይህ መጨረሻ የተባለው ጊዜ እስከ 2014 ድረስ አሥራ አምስት ዓመት ነበር። በጋዜጠኞቹ ያልተመረጠውን ደግሞ አሥራ ስድስት አባሎች ያሉት ኮሚቴ እንደ ገና ሊመለከተው ይችላል፤ በዚያም አሥራ ሁለት ድምፅ ያስፈልጋል።

እኔ በዚህ ጽሑፍ ማን ከማን ይበልጣል የሚለውን ሁሉ ልጨርስ አልነሣሁም። የምተቸው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ዳኞቹ ምክንያታቸውን ሳይጽፉ የሚፈርዱ መሆናቸውና ምክንያት ባለመጻፉም ሰው በሕይወቱ ሳለ የተነፈገውን ክብር አንዳች ነገር ሳይጨምር ከሞተ በኋላ ማግኘቱ ነው።

የሮን ሳንቶን ነገር እንውሰድ። ሳንቶ የቺካጎ ካብስ የሦስተኛው ቤዝ ጠባቂ ነበረ፤ የስኳር በሽታውን ችሎ ተጫወተ፤ በኋላም ሁለት እግሮቹን በዚያው በሽታ አጣ። መጫወት ያቆመው በ1974 ነው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲጠባበቅ ኖሮ በዲሴምበር 2010 ዐረፈ። ኮሚቴው በዲሴምበር 2011 ከአሥራ ስድስቱ በአሥራ አምስቱ ድምፅ መረጠው። በነዚህ በአሥራ ሁለቱ ወሮች ውስጥ ሳንቶ ስንት ኳስ መታ? ማስረጃው በ1974 የነበረው ያው ነው፤ የተለወጠው ሰውየው አለመኖሩ ብቻ ነው።

የዲክ አለን ደግሞ ከዚህ ይብሳል። አለን በ1964 የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ፣ በ1972 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመ፣ 351 ጊዜ ሆም ረን የመታ ኃይለኛ መቺ ነው። በፊላዴልፊያ ሲጫወት ተመልካቹ ዕቃ ይወረውርበት ስለ ነበር ሜዳ ላይ ሲከላከል እንኳ ራሱን በቆብ ከልሎ ይቆም ነበር። ጥቁር በመሆኑ የደረሰበትን መከራ ዝም ብሎ ስላልተቀበለ «አስቸጋሪ ሰው» የሚል ስም ወጣለት። በ2014 ኮሚቴው አሥራ አንድ ድምፅ ሰጠው፤ አንድ ጐደለው። እንደ ገና በዲሴምበር 2020 ሊታይለት ተወስኖ ሳለ በወረርሽኙ ምክንያት ስብሰባው ለአንድ ዓመት ተላለፈ፤ አለን ግን በዚያው ወር በ7ኛው ቀን ሞተ። በ2021 ተሰበሰቡ፤ አሁንም አሥራ አንድ! በመጨረሻ በዲሴምበር 2024 በአሥራ ሦስት ድምፅ ገባ። አብሮት የተመረጠው ዴቭ ፓርከር በሕይወት ነበረ፤ ቢሆንም የክብሩ ሥነ ሥርዓት በጁላይ 2025 መጨረሻ ሊፈጸም አንድ ወር ሳይሞላ ሲቀረው እርሱም ዐረፈ።

«ይህ ዕድል ነው፤ ሽማግሌ ሰው ይሞታል» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ለዚህ ሰው የባክ ኦኒልን ታሪክ እጠቅስለታለሁ። ጥቁሮች ከትልልቆቹ ሊጎች ተከልክለው የራሳቸውን ሊግ ባቋቋሙበት ዘመን ኦኒል ተጫዋችም አሠልጣኝም ነበረ፤ በኋላም የዚያን ሊግ ታሪክ በየአገሩ እየዞረ ሲያስተምር ኖረ። በ2006 አንድ ልዩ ኮሚቴ ከዚያ ዘመን አሥራ ሰባት ሰዎችን ባንድ ጊዜ መረጠ፤ ኦኒል ለጥቂት ቀረ። አሥራ ሰባቱም ሙታን ስለ ነበሩ በሥነ ሥርዓቱ ላይ ስለ እነርሱ የሚናገር ሰው አስፈለገ፤ የተናገረውም ያልተመረጠው ኦኒል ነበረ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር በ94 ዓመቱ ዐረፈ። አዳራሹ የመረጠው በ2021 ነው። ይህን ያነበበ ሰው ጉዳዩን የዕድል ነገር ብቻ ነው ለማለት የሚቸገር ይመስለኛል።

በአማርኛችን ስለ ሞተ ሰው ክፉ ከመናገር በፊት «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» እንላለን። ይህ ለሐዘን ቤት የተገባ ጨዋነት ነው። ኩፐርስታውን ግን ይህን ጨዋነት የሕግ ያህል አድርጎታል ለማለት ይቻላል። ደንቡ ራሱ፣ አምስቱ ዓመት ሳይሞላ የሞተ ተጫዋች ከስድስት ወር በኋላ ለምርጫ እንዲቀርብ ይፈቅዳል። በ2025 በሜይ ወር ደግሞ የቤዝቦል ኮሚሽነር ሚስተር ሮብ ማንፍሬድ ለዘለዓለም የተባለው እገዳ በሞት እንዲያበቃ ወሰኑ፤ የሞተ ሰው ለጨዋታው ንጽሕና ሥጋት ሊሆን አይችልም ሲሉም አስረዱ። በዚህ ውሳኔ ከተፈቱት መካከል ጆ ጃክሰንና ፒት ሮዝ ይገኛሉ። ጃክሰን በ1919 የዓለም ሻምፒዮና ጨዋታን በገንዘብ ለመልቀቅ ተስማምተዋል ተብለው ከታገዱት አንዱ ሲሆን በ1951 ሞቷል። ሮዝ 4,256 ጊዜ በመምታት ማንም ያልደረሰበት ነው፤ በ1989 በራሱ ቡድን ጨዋታ ላይ ቁማር አስይዟል ተብሎ ታገደ፤ በሴፕቴምበር 2024 ሞተ።

ሮዝን በሚመለከት ወገኖቹ ሲከራከሩለት አልስማማም። በውርርድ የሚገኝ ሰው እንደሚባረር የሚናገረው ደንብ በየቡድኑ የልብስ መለወጫ ክፍል ተለጥፎ ይታይ ነበር፤ እርሱም ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ሲክድ ኖሮ ያመነው በ2004 ነው። ድምፅ ቢኖረኝ እኔ አልሰጠውም ነበር። ነገር ግን አዳራሹ በ1991 ያደረገውን ልብ እንበል። ሮዝ በ1992 ለመራጮች ሊቀርብ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ የታገደ ሰው ስሙ በምርጫ ወረቀት ላይ እንዳይገባ የሚል አዲስ ደንብ አወጡ። ጋዜጠኞቹ ፊት ለፊት «አይገባህም» ሊሉት ሲችሉ በሩ አስቀድሞ ተዘጋ። ሰውየው በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይዳኝ ሞተና ከሞተ በኋላ ለፍርድ ብቁ ነህ ተባለ። ይህ ምሕረት ነው ወይስ ፍርድ? ሁለቱንም አይመስልም።

አሁን «ጠባይ» ወደሚለው ቃል እንለፍ፤ ለምስጢራዊው ፍርድ መሸሸጊያ የሆነው ይህ ነውና። ደንቡ መራጮች ከመዝገቡና ከችሎታው ሌላ የተጫዋቹን ታማኝነት፣ ስፖርታዊ ጨዋነትና ጠባይ እንዲመለከቱ ያዝዛል። ምን ያህል ይመዝን፣ በምን ይለካ፣ አይናገርም። ባሪ ቦንድስ 762 ሆም ረን የመታ፣ በ2001 ብቻ 73 የመታ፣ ሰባት ጊዜ የሊጉ ምርጥ የተባለ ተጫዋች ነው። ጉልበት የሚጨምር መድኃኒት ወስዷል በሚል ጥርጣሬ በ2022 በመጨረሻው ዕድሉ ከመቶ 66 አግኝቶ ቀረ። ነገር ግን ያ ሁሉ ሲሆን የቤዝቦሉ የበላይ የነበሩት ሚስተር ባድ ሴሊግ በ2017 በክብር ገብተዋል። በሎሌው ላይ የጸናው ጠባይ በጌታው ላይ ለምን ላላ?

ከዚህም ወደ ኋላ ብንሄድ፣ ከጥቁር ጋር አልጫወትም በማለት የታወቀው ካፕ አንሰን በ1939 ገብቷል። ከ1920 እስከ 1944 ኮሚሽነር የነበሩት ዳኛ ላንዲስ፣ በዘመናቸው አንድም ጥቁር በትልልቆቹ ሊጎች ሳይጫወት፣ በሞቱበት ዓመት ተመርጠዋል። ጆሽ ጊብሰን በጃኑዋሪ 1947 ሲሞት ጃኪ ሮቢንሰን ያን በር ሊከፍት ሦስት ወር ያህል ቀርቶት ነበር። በ2024 የጥቁሮቹ ሊግ መዝገብ ከትልልቆቹ ጋር ሲደባለቅ፣ የጊብሰን የመምታት መጠን ከሺህ 372 ሆኖ የታይ ኮብን 367 አለፈ። የዘጉት ሰዎች ጠባይ ሲመዘን ያየ የለም።

ስለዚህ እንደ እኔ አስተያየት ቦንድስ መግባት አለበት፤ የተጠረጠረበትም ነገር በነሐሱ ሰሌዳ ላይ መጻፍ አለበት። የላንዲስም እንዲሁ። አዳራሹ ቤተ መዘክርም ነውና እውነቱን ጽፎ ማስቀመጥ ሥራው ነው። የተደረገው ግን ሌላ ነው። በ2025 አንድ ተጫዋች በኮሚቴው ከአምስት ያነሰ ድምፅ ካገኘ የሚቀጥለው ዙር እንዲያልፈው፣ ሁለት ጊዜ ይህ ከደረሰበትም ከእንግዲህ እንዳይቀርብ ደነገጉ። በዲሴምበር 2025 ጄፍ ኬንት በአሥራ አራት ድምፅ ሲገባ ቦንድስና ሮጀር ክሌመንስ አምስት እንኳ አላገኙም። በዚህ መሠረት ከ2031 በፊት አይታዩም። በዚህ ስብሰባ ለስምንት ስሞች እያንዳንዱ ዳኛ ከሦስት በላይ ድምፅ እንዳይሰጥ ተከልክሏል። ሒሳቡን ያሰላ ሰው እንደሚያየው አርባ ስምንት ድምፅ ብቻ ስላለ፣ ሁሉም ቢገባቸው እንኳ ከአራት በላይ ሊመረጡ አይችሉም። አንድ ዳኛ «አይገባውም» ብሎ ይሁን ወይም ወረቀቱ ሞልቶበት፣ ከውጤቱ ለመለየት አይቻልም። ምክንያት መጻፍ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

በዚህ ረገድ የሚቃወሙኝ ጓደኞች አዳራሹ የግል ድርጅት ስለ ሆነ ምክንያት የመስጠት ግዴታ የለበትም፣ ደግሞም ጊዜ ሲያልፍ ፍርድ ይጠራል ይላሉ። ስለ መጀመሪያው፣ ግዴታ የለበትም ማለት ትችት አይገባውም ማለት አይደለም። ስለ ሁለተኛው ግን የሃሮልድ ቤይንስንና የሉ ዊተከርን ነገር ያስረዱኝ። ቤይንስ በጋዜጠኞቹ ዘንድ ከመቶ 6.1 አልፎ አያውቅም፤ በ2018 ግን የቀድሞ አሠልጣኙና የቀድሞ ቡድኑ ባለቤት ባሉበት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ አሥራ ሁለት ድምፅ አገኘ፤ አንድ ድምፅ ቢጐድል ባልገባ። ተጫዋች ከተራ ተተኪ ይልቅ ለቡድኑ ስንት ድል እንደ ጨመረ በሚለካው ስሌት ቤይንስ 39 ገደማ ነው፤ ዊተከር ወደ 75።

ይህ ዊተከር ከአለን ትራመል ጋር በዲትሮይት ታይገርስ ከ1977 እስከ 1995 ጎን ለጎን ተጫወተ። ዊተከር 2,369 ጊዜ፣ ትራመል 2,365 ጊዜ መቱ። ሆም ረን ዊተከር 244፣ ትራመል 185። ጋዜጠኞቹ ትራመልን አሥራ አምስት ዓመት ሲመለከቱት ቆዩ፤ በመጨረሻም በ2017 በኮሚቴ ገባ። ዊተከርን በ2001 በመጀመሪያው ዓመት ከመቶ 2.9 ሰጥተው ሰረዙት። በ2019 ኮሚቴው ስድስት ድምፅ ሰጠው። በ2025 ለኮሚቴው ከቀረቡት ስምንት ስሞች ውስጥ የእርሱ የለም። ለምን እንደ ሆነ የተጻፈ የለም።

ዊተከር የተወለደው በ1957 ነው። የእርሱን ዘመን ተጫዋቾች የሚመለከተው ኮሚቴ እንደ ገና የሚሰበሰበው በዲሴምበር 2028 ሲሆን፣ ያን ጊዜ 71 ዓመት ይሆነዋል።